ልቤ ዝም ብሎ አፌ ቢያመሰግን ውሸታም አልሆንም?

የቡና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው። ቤት ውስጥ ለማንም መንገር ስለከበደኝ እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው። ጴንጤ ነኝ፣ ያደግኩትም ኳየር ውስጥ ነው።

ኅዳር ላይ አባቴ አረፈ። ገና ለቅሶ ላይ እያለን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሸራ የሚያለብሰው አልነበረም፤ ያ ሥራ የአባባ ነበር። አብዛኛው ሻገተ። የዓመት ወጪያችንም፣ የታናሽ ወንድሜ ትምህርትም ከእሱ ነበር የሚወጣው።

ባለፈው እሁድ አምልኮ ላይ መሪው «የምስጋና ምክንያት ያለው እጁን ያንሳ» አለ። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ያመሰግናል። እኔም አነሳሁ፣ ግን የሰው ዓይን ፈርቼ ነው፤ ውስጤ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በአምልኮ እግዚአብሔርን የምናመሰግነው በምን ምክንያት ነው? ስላደረገልን ከሆነ እኔ ዘንድሮ ምን ልበል? ልቤ ዝም ብሎ አፌ ቢያመሰግን ውሸታም አልሆንም? እባካችሁ «በርቺ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ሰንበት ተማሪ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የማውቀውን ከእኛው ጸሎት ልንገርሽ። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ የሚጀምር የምስጋና ጸሎት አለን። በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ወዲያው ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ ወደ እርሱ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና እያለ ይሄድና «እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና» ላይ ይደርሳል። ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ልብ ያላልኩት ነገር ቢኖር፣ አዝመራው ስላማረ ወይም ንግዱ ስለቀና አይልም። እስከዚህች ሰዓት ነው የሚለው። ትናንት የዳረም ትናንት የቀበረም ጎን ለጎን ቆመው ይሰሙታል፣ ለሁለቱም ይሆናል።

ደግሞ ቁርባን የሚፈተትበት ጸሎት ስሙ ራሱ አኮቴተ ቁርባን ነው። አኮቴት ምስጋና ነው። ጌታ እንጀራውን ይዞ ያመሰገነው መቼ ነበር? ተላልፎ በተሰጠባት ሌሊት። ነገ የሚገጥመውን እያወቀ ነው ያመሰገነው። ቅዳሴ ላይ «አእኰተ፣ ባረከ፣ ወፈተተ»፣ አመሰገነ፣ ባረከ፣ ቆረሰ፣ ሲባል ሁሌ ይህ ነገር ይይዘኛል።

ስለ ውሸቱ ያልሽውን ግን አልቀበልም። አንቺ እኮ ቆመሻል፣ መጥተሻል። አፍሽ ከቀደመ ይቅደም።

ከሂርማታ፦

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፣ ግን አንቸኩል። እናቴ የሞተች ሰሞን አንድ ሰው «እግዚአብሔር ወዶ ነው፣ አመስግን» አለኝና ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጥኩም። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18ን ሁሉም ይጠቅሳል። እስቲ በደንብ ይነበብ፤ «በሁሉ አመስግኑ» ነው የሚለው፣ ስለ ሁሉ አላለም። ስለ ሻገተ ቡና አመስግኚ የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ጊታር ይዤ፦

እኔ አምልኮ መሪ ነኝ፤ በቅድሚያ ይቅርታ። «ምክንያት ያለው እጁን ያንሳ» የሚለውን እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። የሌለው ምን ይሁን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሂርማታ ለጻፍከው፣ ወንድሜ፣ ኤፌሶን 5፥20 ግን «ስለ ሁሉ» ይላል፣ እሱን መዝለል አንችልም። ይሁንና ያው ጳውሎስ ሮሜ 12፥15 ላይ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ብሏል። አንተን ያቆሰለህ ሰው ሁለተኛውን ረስቶ ነው።

እህቴ፣ መዝሙር 136ን ክፈቺ። 26 ቁጥር አለው፣ 26ቱም ላይ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ምክንያቶቹን ተከታተያቸው። ሰማይን ሠራ፣ ምድርን አጸና፣ ፀሐይንና ጨረቃን አደረገ፣ ሕዝቡን ከግብፅ አወጣ። አንዱም የዘማሪው የግል ስኬት አይደለም። ቁጥር 23 ላይ ስትደርሺ በመዋረዳችን አስቦናል ይላል። ወድቀን ሳለ ማለት ነው። እኔ መልስ የማገኘው እዚህ ጋ ነው፤ ያደረገልን ነገር ዘንድሮ ብቻ አይለካም፣ የራስሽ ምክንያት ቢያልቅብሽ እንኳ የሕዝቡ ምክንያት የአንቺም ነው። አምልኮ አብረን የምናደርገውም ለዚህ ይመስለኛል።

መዝሙር 42 ላይ ያለው ሰው ደግሞ እንዳንቺ ማመስገን አቅቶታል። ምን አደረገ? ከነፍሱ ጋር ተነጋገረ። ለምን ታዝኛለሽ አላት፣ ገና አመሰግነዋለሁና ታመኚ አላት። «ገና» ማለት ይቻላል። እሁድ እጅሽን ሳታነሺ ይህንኑ ብትይው አምልኮ ነው።

እናት ከአዌቱ ማዶ፦

ልጄ፣ የምትጽፍልሽ ልጄ ናት፣ እኔ እየነገርኳት። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ ቡና ስንጠራራ ዕድሜያችን አለቀ። ወንድ ልጇ ሲሞትባት ላጽናናት ገባሁ። እንባዋ እየወረደ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እንዴት ዛሬ ይህን ትያለሽ አልኳት። «የሰጠኝም እኮ እሱ ነበር» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ኢዮብን አሰብኩ። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ ያለው መጀመሪያ ልብሱን ቀዶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ መሬት ወድቆ ነው። ስለዚህ አንቺም መጀመሪያ አልቅሺ፣ ማንም አይከልክልሽ።

ስለ ሞቱ አመስግኚ አልልሽም። ስለ እሱ ግን አመስግኚ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቡና የሚሸፍን አባት ነበረሽ። እሱን የሰጠሽ ማነው?

የቡና ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እማማ፣ የእርስዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና ተነስታ ከተረፈው ቡና ቆላች። አባባ ከሞተ ጀምሮ ቤታችን ቡና የፈላው ሰው ሲመጣ ብቻ ነበር። እስከ ማታ ስለ እሱ ስናወራ ቆየን። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ጠብ ሲል ከሁላችን ቀድሞ ይሰማል፣ ጫማ እንኳ ሳያደርግ ነበር ወደ ቡናው የሚሮጠው። ጠዋት ስንነሳ ሁሉ ነገር ተሸፍኖ እናገኘዋለን፣ ማን ሸፈነው ብለን ጠይቀን እንኳ አናውቅም።

ሰንበት ተማሪ፣ «ሸፍኖናልና» ያልከው ላይ ስደርስ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው፣ እዚያ ጋ ነው ያለቀስኩት። የጸሎቱን ሙሉ ቃል በአማርኛ ታስቀምጥልኛለህ? ለእሁድ ይዤው ልሂድ።