ጥቆማ፦ ለጉዞ መኪና የሚሆን ሶላር ጅማ ውስጥ ከየት ይገዛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የአንድ አባዱላ ሚኒባስ ወንበሮች አስወጥቼ ማደሪያ ያለው የጉዞ መኪና እያደረግሁት ነው። ሐሳቤ እንግዶችን ከጅማ በቦንጋ በኩል ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደመዘገበው የካፋ ደን መውሰድና ጄኔሬተር ሳናስነሳ እዚያው ማደር ነው። ኃይል የሚያስፈልገኝ ለትንሽ የመኪና ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ ብቻ ነው። ፓነሉን፣ ባትሪውንና የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር እዚሁ ብገዛ ይሻላል ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ? እዚህ ከሆነስ ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?

የሂርማታ ደንበኛ፦ ሌላ ቦታ አይድከሙ፤ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያለው ሱቅ ይበቃዎታል። ወላጆቼ ለገጠሩ ቤታችን መብራት የገዙት ከዚያ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

ቡና አቅራቢ፦ ከመግዛትዎ በፊት የእኔን ይስሙ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሱቅ ለቡና ማጠቢያችን የጥበቃ ቤት የሸጠልኝ ባትሪ ክረምቱን ሳይሻገር ሞተ። ወስጄ ባሳያቸው ዋስትናው ለፓነሉ እንጂ ለባትሪው አይደለም አሉኝ። ፓነል እንደሆነ ካልተሰበረ ከሃያ ዓመት በላይ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀውን ትተው ለማያልቀው ዋስትና መስጠት ምን ይሉታል?

አጂፕ ሰፈር፦ የትኛው ሱቅ እንደሆነ በውስጥ መስመር ይንገሩኝ፤ እኔም አንድ ቀብድ ከፍያለሁ።

የሂርማታ ደንበኛ፦ የሂርማታውን ማለትዎ ከሆነ አላምንም። አያያዙን ሳያውቁበት ቀርተው ይሆናል።

ቡና አቅራቢ፦ የሂርማታውን አላልኩም፤ አይደለም ብዬም አልማልኩም። እርስዎ ግን ከባለቤቱ ቀድመው መልስ ሰጡ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ነገሩን ወደ ጥያቄው ልመልሰው። የእርሳስ ባትሪ፣ በፈሳሽ ፈንታ ጄል ያለበትም ጭምር፣ በየቀኑ ሳይሞላ ካደረ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አቅሙ ይሞታል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ፀሐይ የሚሰስትበት ረጅም ወራት ስለሆነ ባትሪ የሚጎዳው በአብዛኛው ያኔ ነው። ስለዚህ ባትሪው መጥፎ ነበር ማለትም፣ ፓነሉ አንሶበት ነበር ማለትም ይቻላል።

ለጠያቂው ስሌቱ እንዲህ ነው። 45 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ ሞተሩ በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ቢዞር 360 ዋት ሰዓት ይበላል፤ መብራትና ስልክ ሲጨመርበት 500 ገደማ ይደርሳል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት የ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ በስሙ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ሊወጣበት አይገባም። በዚያው መጠን ያለው የሊትየም ፎስፌት ባትሪ ወደ 1,000 የሚሆነውን በነፃነት ያስወጣል፤ ክብደቱም ከእርሳሱ ግማሽ በታች ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ለሚንቀሳቀስ መኪና ግን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ኮንትሮለሩ ለሊትየም የሚስተካከል መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳይከፍሉ።

ወጣት መሐንዲስ፦ ለምን በፍሪጅ ብቻ ይወሰናሉ? የአይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ስቴላ ቪታ የተባለ ማደሪያ ያለው መኪና ሠርተው ከኔዘርላንድ እስከ ስፔን ደቡብ ጫፍ፣ እስከ ታሪፋ፣ በፀሐይ ኃይል ተጉዘዋል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ የወደፊቱ ጉዞ በዚህ በኩል ነው።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦ ያ መኪና ሲቆም ጣሪያው ይዘረጋና 17.5 ካሬ ሜትር ፓነል ይሆናል፤ ሲሠራም ከመጀመሪያው ቀላል እንዲሆን ታስቦ ነው። የአባዱላ ጣሪያ የዚያን ግማሽ ቢይዝ ነው። የጠያቂው መኪና በናፍጣ ይሄዳል፤ ፀሐይዋ የምትሸፍነው አዳሩን ነው። ይህም ቢሆን የጄኔሬተሩን ጭስና ጩኸት ከደኑ ያስቀራልና ትንሽ ነገር አይደለም።

የቤት እመቤት፦ በዚህ ሶላር የእንጀራ ምጣድ መጋገር ይቻላል?

አጂፕ ሰፈር፦ ለምን አይቻልም፣ እህቴ? 3,500 ዋት ለሚጠጣው ምጣድ ሁለት አባዱላ ፓነል ብቻ ጭነው ከኋላ ይከተላሉ።

መምህር፦ ቀልዱን ትተን አንድ ያልተነሳ ነገር ላክል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፓነሉ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ቢታሰር የሚያጣው ኃይል ጥቂት ነው፤ አስቸጋሪው ጥላ ነው። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ተከታትለው የተያያዙ በመሆናቸው አንድ ቅርንጫፍ ጥግ ላይ ቢያጠላ እንኳ የሚወጣው ኃይል ከጥላው ስፋት በላይ ይወርዳል። ካፋ ደን ውስጥ ደግሞ እንግዳ የሚወደው ከዛፍ ሥር ማደርን ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ሌላ፣ ረጅም ገመድ ያለውና ተጣጥፎ ወደ ገላጣ ቦታ የሚወጣ ፓነል ይጨምሩ። መኪናው ሲነዳም ባትሪው ከዲናሞው እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል፤ ለሊትየም ግን በመካከል የኃይል መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። የት ልግዛ ላሉት፣ በጽሑፍ የባትሪ ዋስትና ከሚሰጥዎት ሰው ይግዙ፤ ሲበላሽ በእግር ሄደው የሚያገኙት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

የሂርማታ ደንበኛ፦ እንግዲህ የሂርማታውን ማለትዎ ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። አሁን ደግሞ የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ጣሪያውን ሳይበሳ ለፓነሉ ማሰሪያ የሚሠራ ጥሩ ብየዳ ቤት የሚያውቅ አለ?

የሂርማታ ደንበኛ፦ ከሱቁ ቀጥሎ ያለውን በር ይመልከቱ፤ ብየዳ ቤቱ የባለቤቱ ወንድም ነው።