የ12 ቮልት ባትሪ በአርዱዪኖ ሲለካ ንባቡ ከቴስተር ለምን ይለያል?

የመራዊው፦
ሰላም ወገኖች። መራዊ አካባቢ በጉድጓድ ውሃ ለሚለማ የሽንኩርት ማሳ የሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። የ12 ቮልቱን ባትሪ በ100 ኪሎ ኦምና በ47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አካፍዬ ወደ አርዱዪኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) አስገብቻለሁ። ኡኖው በዩኤስቢ፣ ፓምፑ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው የሚሠራው። ቴስተር 12.6 ሲል አርዱዪኖው 13.4 ይላል፤ ፓምፑ ሲነሳ ደግሞ ቁጥሩ ይወርዳል። ሬዚስተር ብቀያይርም ያው ነው።

ጮቄ፦
ወንድሜ፣ ሬዚስተሮቹ ላይ ጥፋት የለም። ኮድህ ላይ ማወዳደሪያውን ቮልቴጅ 5.0 ብለህ ሳትጽፍ አልቀረህም፤ ኡኖ ግን ካላዘዝከው በቀር የሚያወዳድረው ከራሱ መጋቢ ቮልቴጅ ጋር ነው። የ5 ቮልቱን ፒን በቴስተር ለካው፣ 4.7 አካባቢ ታገኛለህ። 12.6ን በ5 አባዝተህ ለ4.7 ስታካፍል ያው 13.4 ይመጣል። ይባስ ብሎ ባትሪው 14.7 ሲደርስ ንባቡ የመጨረሻው ቁጥር 1023 ላይ ይቆማል።

ሪፈረንሱን (ኡኖው የሚያወዳድርበትን ቮልቴጅ) ወደ ቺፑ ውስጠኛ 1.1 ቮልት ቀይረውና ታችኛውን ሬዚስተር 6.8 ኪሎ ኦም አድርገው። 15 ቮልት ሲገባ ፒኑ ላይ 0.955 ይሆናል። ቺፑ ከ10 ኪሎ ኦም ያልበለጠ የምንጭ ሬዚስታንስ ይፈልጋል፤ የበፊቱ ማካፈያህ 32 ኪሎ ኦም ነበር፣ ይሄኛው 6.4 ገደማ ነው። 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከፒኑ ሥር ወደ ግራውንድ በይድ። ኤሬፍ (AREF) በሚባለው የሪፈረንስ ፒን ላይ ግን ምንም ቮልቴጅ እንዳታስገባ፣ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል።

1.1 የሚባለው ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ይለያያል፤ የአንዱ ቺፕ ግን ብዙም አይዋዥቅም። ስለዚህ በቀመር አትመን፤ 12.00 እና 14.40 ቮልት ላይ ንባቡን መዝግብ። 711 እና 853 ካገኘህ 2.40ን ለ142 አካፍል፣ አንድ ደረጃ (የንባቡ አንድ ቁጥር) 0.0169 ቮልት ነው። ሪፈረንሱን ከቀየርክ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ንባቦች ጣላቸው።

የዳሞት ልጅ፦
የመውረዱ ነገር የነጋቲቭ ሽቦው ነው። የፓምፑ 6 አምፔር 4 ሜትር በሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ ሲመለስ 0.28 ቮልት ገደማ ሽቦው ላይ ይቀራል። የኡኖው ግራውንድ ከዚያው ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ያን ያህል አሳንሶ ያነባል። ለኡኖው ከባትሪው ጫፍ የራሱን ነጋቲቭ ሳብለት። 100 ኪሎ ኦሙንም ባትሪው ዘንድ አድርገው፤ ከእሱ ወዲህ ያለው ሽቦ ተልጦ ቢነካካ እንኳ የሚያልፈው ከ0.15 ሚሊ አምፔር በታች ነው።

የመራዊው፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጉድጓዱ የውሃ ከፍታ ሴንሰር ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር፣ 5 ሜትር የሚለካ ነው። ሚሊ አምፔሩን ወደ ቮልቴጅ ለመቀየር 250 ኦም ሬዚስተር ልጠቀም ነበር።

ጮቄ፦
250 አሁን አይሆንም፣ የ1.1 ቮልቱ ሪፈረንስ ለሁሉም ፒኖች አንድ ነው። ባለ 1 ፐርሰንት 47 ኦም አድርግ፦ ከ0.188 እስከ 0.94 ቮልት ይሰጥሃል፣ አንዱ ደረጃ 7 ሚሊ ሜትር ውሃ ይሆናል። 250 ኦም ከ12 ቮልትህ 5ቱን ይወስድብሃል፤ ሴንሰሩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ እይ። ንባቡ ከ3.6 ሚሊ አምፔር በታች ከወረደ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያኔ ኮዱ ፓምፑን ያጥፋው።