ትልቅ የኤሌክትሪክ ሂውሚዶር (የሲጋር ማቆያ ሣጥን) በባሕር ዳር፦ መብራት ሲጠፋና ክረምት ሲገባ እንዴት ይያዛል?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አሜሪካ በነበርኩባቸው ዓመታት ቀስ በቀስ የሰበሰብኳቸውን የኒካራጓ፣ የሆንዱራስና የዶሚኒካን ሲጋሮች ጠቅልዬ አገሬ ስገባ ይዣቸው መጥቻለሁ። አንዳንዶቹ ሣጥኖች ገና አልተከፈቱም፤ ለልጄ ሠርግ፣ ለወንድሜ ልጅ ምርቃት እያልኩ ያቆየኋቸው ናቸውና እንደ ዋዛ እንዲበላሹብኝ አልፈልግም። አብሮ የመጣው ሂውሚዶር ቁም ሣጥን የሚያህል ነው፤ በሩ መስታወት፣ መደርደሪያዎቹ የስፔን ሴዳር የሚባል እንጨት፣ ከታች የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከኋላ ማራገቢያ ያለው ሲሆን የሙቀቱና የእርጥበቱ መጠን ከፊት ለፊት በቁጥር ይታያል።

ሙቀቱን በ18 ዲግሪ፣ እርጥበቱን በ69 በመቶ ላይ ነው ያደረግሁት። በጥቅምትና በኅዳር ብዙ አላስቸገረኝም፤ ከየካቲት ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሲሞቅ ማራገቢያው ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከፊት ያለው መለኪያ 69 ቢልም በላይኛው መደርደሪያ ላይ ያኖርኩት ሌላ መለኪያ 62፣ በታችኛው ያለው ደግሞ 73 ያሳያል። በውስጠኛው የኋላ ግድግዳ ላይ የውሃ ጠብታ ይታያል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ እኔ ያስተካከልኩትን ትቶ ፋብሪካው በሰጠው ቁጥር ይነሣል። ክረምቱም እየመጣ ነው፤ ሰኔ ሲገባ የከተማችን አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ያኔ ማሽኑን ማጥፋት ይሻላል ወይስ እንዳለ መተው? መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ባትሪና ኢንቨርተር ልግዛለት ብዬም አስቤ ነበር፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ከዚህ ሌላ ሁለት ተጨማሪ መደርደሪያ እዚሁ በጥድ እንዲሠራልኝ ከአናጢ ጋር ተነጋግሬአለሁ። ይህን ዓይነት ዕቃ በጎጃም አየር የያዘ ወይም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቀዝቃዛ አየር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔም የባሕር ዳር ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ስለ ሲጋሩ ጣዕም ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ ስለ ማሽኑ ልናገር።

ከሁሉ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ አስማምቶ መሰካት ይቻላል። 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛን 220 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ማሽኑ በኮምፕሬሰር የሚሠራ ከሆነ ለ60 ኸርዝ የተሠራው ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲነዳ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ከልክ በላይም ይሞቃል፤ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። ኮምፕሬሰር የሌለው፣ በፔልቲየር ሰሌዳ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ፊቱ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው የሚሞቅ ሰሌዳ) የሚቀዘቅዘው ዓይነት ከሆነ ግን አያሳስብም፤ እሱ የሚጠቀመው ወደ ቀጥታ ጅረት ከተቀየረ በኋላ ያለውን ኃይል ስለሆነ ኸርዙ አይነካውም። ሲሠራ ድምፁ የማራገቢያ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ፍሪጅ የመነሣትና የማረፍ ጉርምርምታ ከሌለው፣ ፔልቲየር መሆኑን ከሞላ ጎደል መገመት ይችላሉ።

በኋላ ግድግዳው ላይ የሚያዩት ጠብታ ብልሽት አይደለም። 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 14 ዲግሪ የቀዘቀዘ ገጽ ሲነካ ውሃውን ይጥላል። ክፍሉ በሞቀና ማሽኑ በተጨነቀ ቁጥር ቀዝቃዛው ሰሌዳ ከዚያ በታች ስለሚወርድ ከውስጡ አየር ላይ እርጥበት እየነጠቀ ያንጠባጥባል፤ ከታች ያለው ማጠራቀሚያ ደግሞ የተነጠቀውን ለመተካት ይተናል። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲሟገቱ ይውላሉ። የላይኛውና የታችኛው መደርደሪያ ልዩነትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል ውሃ የያዘ አየር ሲቀዘቅዝ ደግሞ የእርጥበት መቶኛው ከፍ ይላል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ማሽኑን ለማቀዝቀዝ ብቻ እንዲያኖሩትና የእርጥበቱን ሥራ ከእጁ እንዲወስዱበት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ውጭው ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ከተማ 18 ዲግሪ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ከባድ ሸክም ነው። 21 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ ሲጋሩ አይጎዳም፣ ሰሌዳው ያን ያህል አይቀዘቅዝም፣ ጠብታውም ይቀንሳል። ጀርባውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት፤ ሙቀቱን የሚተፋው በዚያ በኩል ነው። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጤስበት ጥግም ያርቁት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ይገባል፣ የገባ ሽታ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ይቀራል።

ባትሪና ኢንቨርተሩን ይተዉት። እርጥበቱ ያለው በሲጋሩ ቅጠልና በእንጨቱ ውስጥ እንጂ በመብራቱ ውስጥ አይደለም። በሩ ተዘግቶ ከቆየና የበሩ ጎማ በደንብ ከገጠመ የጥቂት ሰዓት መጥፋት ቅጠሉ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ከፍቶ ማየቱ ነው የሚጎዳው። ይልቅ ገንዘቡን መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ላይ ያውሉት፤ ፍሪጅ የሚያቃጥለው መብራት በተመለሰበት ቅጽበት የሚመጣው የተዛባ ቮልት ነው። ቅንብሩ የሚጠፋው ማሽኑ ያስተካከሉትን ቁጥር የሚያስታውስበት ክፍል ስለሌለው ነው፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም፣ መብራት በመጣ ቁጥር ቁጥሩን ማየት ብቻ ነው።

ጮቄ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው እርጥበቱ ከማሽኑ እጅ ከወጣ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ ነው።

እርጥበት የሚሰጡና የሚቀበሉ ፓኬቶች አሉ፤ ቦቬዳ የሚባለው በብዛት የሚታወቀው ነው። 65፣ 69፣ 72 እየተባሉ የሚሸጡ ሲሆን አየሩ ሲደርቅ ይሰጣሉ፣ ሲረጥብ ይስባሉ። ልኩ ለ25 ሲጋር አንድ ባለ 60 ግራም ፓኬት ነው። ለእርስዎ ማሽን 65ቱን እመርጣለሁ፤ በሁሉም መደርደሪያ ላይ ያከፋፍሏቸው፣ ከላይ ጥቂት ይብዙ። ፓኬቱ በጣት ሲነካ ለስላሳ ከሆነ ይሠራል፤ ጠንክሮ እንደ ብስኩት ሲሰበር አልቋል ማለት ነው። እዚህ ስለማይገኝ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስያዝ ይገባል፤ ቀላል ዕቃ ስለሆነ ሻንጣ አያከብድም።

ከዚያ በፊት ግን መለኪያዎቹን ይፈትኗቸው። 62 እና 73 የሚሉት ሁለቱም ተሳስተው ሊሆን ይችላል። የጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው ይጨምሩና ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡበት፤ ጨው ጭቃ እንዲሆን እንጂ እንዲሟሟ አይደለም። ክዳኑንና መለኪያዎቹን አንድ ላይ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ዘግተው አንድ ሙሉ ቀን ይተዉ፤ ሳይከፍቱ ሲያነቡት 75 ማለት አለበት። 71 ካለ በ4 ዝቅ አድርጎ ያነባል ማለት ነውና ሁልጊዜ 4 እየጨመሩ ያንብቡ። የአገራችን ከፍታ ይህን ፈተና አይለውጠውም።

የጥዱን ሐሳብ ግን እባክዎ ይተዉት። ጥድ ሽታው መልካም ነው፤ ጥፋቱም እሱ ነው። ዘይቱ ብርቱ ስለሆነ ከጎኑ የተኛ ሲጋር በጥቂት ጊዜ ውስጥ የትምባሆውን መዓዛ አጥቶ ጥድ ጥድ ይላል። የስፔን ሴዳር የሚባለው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ፣ ከማሆጋኒ ጋር የሚዛመድ ዛፍ እንጂ ከጥድ ጋር ዝምድና የለውም። ባሕር ዛፍም አይሆንም። የግድ እዚህ ማሠራት ካለብዎ በደንብ የደረቀ፣ ቫርኒሽም ቀለምም ያልነካው ዋንዛ ይሻላል፤ ሙጫውም በጣም ጥቂት ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲጋሮቹን በመጡበት ሣጥን ውስጥ መተው ነው፤ ብዙዎቹ ሣጥኖች የሚሠሩት ከዚያው ከስፔን ሴዳር ስለሆነ እንጨቱ አስቀድሞ እጅዎ ላይ አለ። መደርደሪያው ያን ጊዜ ሽቦም ቢሆን ግድ የለም።

ማርቆስ ላይ ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ እኔ ወፍራም ግድግዳ ያለው የበረዶ ሣጥንና ፓኬት ብቻ ይበቃኛል። እርስዎን ግን ማሽኑን ይጣሉት አልልም፤ የባሕር ዳር ሚያዝያ ያለ ማቀዝቀዣ አይታለፍም።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉን አነበብኩት፤ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው የሚለው፤ ኮምፕሬሰርም የለውም። ትራንስፎርመር ቀድሞም አለው። የአናጢውን ሥራ አስቆምኩ። ሣጥኖቹን ስፈትሽ ግን ከታችኛው መደርደሪያ በአንዱ ሣጥን ውስጥ ሁለት ሲጋሮች ላይ መርፌ የሚያሾልክ ክብ ቀዳዳ አየሁ፤ ከሥራቸውም ደቃቅ ቡናማ ዱቄት አለ። በሌላ ሣጥን ደግሞ ነጭ ነገር አለ። ይህ ምንድን ነው? የክረምቱም ነገር አልተመለሰልኝም።

ቀዝቃዛ አየር

ክረምቱን በአጭሩ ልመልስ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርገው፣ በጨርቅ አድርቀው ይመልሱት። ቤቱ ራሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ማቀዝቀዣው ብዙም አይሠራም፤ ቢጠፋም ችግር የለውም። ፓኬቶቹ ትርፉን እርጥበት ይስባሉ። በሩን ዝናብ ሲዘንብ አይክፈቱት። በጥቅምት ውሃ መልሰው መጨመር ካስፈለገ የተጣራ ውሃ ይሁን እንጂ የቧንቧም የታሸገ የማዕድንም ውሃ አይሁን፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይቀራል። ከባትሪ ቤት የተጣራ ውሃ ሲገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎ ጠርሙሱን አንብበው ይውሰዱ፤ ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ላይ ዳሞት

ቀዳዳውን በተመለከተ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ሊሠራ የሚገባው ሥራ ስላለ ልጻፍ ብዬ ነው። የትምባሆ ጥንዚዛ ነው። እንቁላሉ ከእርሻው ጀምሮ ቅጠሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሙቀቱ ከ22–24 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ይፈለፈላል፣ ትሉ ቅጠሉን እየበላ ያድግና ጥንዚዛ ሆኖ በስቶ ይወጣል። የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ማሽኑን ሲያሸንፈው የተፈለፈለ ይመስለኛል። አንድ ሣጥን ውስጥ ካለ ሌላው ውስጥ የለም ብሎ መተው አይገባም፤ ወረቀትና ሴዳር በስቶ ያልፋል።

የተበሱትን ሲጋሮች ያስወግዱ። ቀሪዎቹን በሙሉ፣ ያልተከፈቱትን ሣጥኖች ጨምሮ፣ ዚፕ ባለው ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አየሩን አውጥተው ሁለት ጊዜ ያሽጉ። መጀመሪያ አንድ ቀን በፍሪጅ ይደሩ፤ ቀጥሎ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ይቆዩ፤ ከዚያ ተመልሰው አንድ ቀን በፍሪጅ፣ በመጨረሻም ላስቲኩ ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይምጡ። ደረጃው ከተዘለለ ቅጠሉ ይሰነጠቃል፤ ላስቲኩ ቀድሞ ከተከፈተ ጤዛ ሲጋሩ ላይ ያርፋል። ሲጋሮቹ ፍሪዘር ውስጥ እያሉ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑን ከመጀመሪያው ይቁጠሩ፤ ቀልጦ የተመለሰ ቅዝቃዜ እንቁላሉን ላይገድለው ይችላል።

ነጩን ነገር በብርሃን ጠጋ ብለው ይዩት። ጸጉር ያለው፣ በክብ በክብ የበቀለ ወይም አረንጓዴና ሰማያዊ የሚቀላቅል ከሆነ ሻጋታ ነው፤ እርጥበቱ ከ75 በመቶ በላይ ሲቆይ ይመጣል፣ መለኪያዎ ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ከታች የነበረው 73 ከዚያ በላይ ነበር ማለት ነው። በሚነደው ጫፍ በኩል ውስጡ ድረስ ከገባ ሲጋሩ ይጣል።

ሲጋሮቹ ፍሪዘር ውስጥ እያሉ ማሽኑን ነቅለው መደርደሪያዎቹን ያውጡ፣ የጥጉንና የበሩን ጎማ እጥፋት ዱቄት በቫክዩም ይሳቡ፣ ውስጡን በሕክምና አልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ሽታው እስኪጠፋ በሩን ከፍተው ይተዉት። መደርደሪያዎቹን ግን አልኮል ሳይነካቸው በደረቅ ብሩሽ ብቻ ያጽዷቸው፤ ፍሪዘሩ ቦታ ካለው እነሱንም አብረው ያስገቧቸው።