ጥንቸሏን ቤት ውስጥ የት ላድርጋት? (ደብረ ማርቆስ)

የማርቆሷ፦
እንደምን ዋላችሁ። የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሲመጣ ለልጄ ጥንቸል ይዞላት መጣ። ነጭ ናት፣ የጆሮዋ ጫፍ ብቻ ጠቆር ይላል። ልጄ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እናቴ ደግሞ «የማይበላ እንስሳ ምን ሊረባ ቤት ይገባል» እያለች በጎሪጥ ታያታለች።

ቤታችን ሳሎንና መኝታ ነው፣ ከኋላ ትንሽ ጓዳ አለው። ማድ ቤቱ ውጭ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ ያለው ሳሎኑ ብቻ። ውጭ ማሳደሩን አልደፈርኩም። የሰፈሩ ድመት ከአሁኑ አጥሩ ላይ ቁጭ ብላ ማድባት ጀምራለች፣ ሽለምጥማጥም አይጠፋም።

ጓዳው ጸጥ ያለ ነው፤ ግን መስኮት የለውም፣ በርበሬና ድንች በጆንያ አለበት። ሳሎን ካደረግኋት ያለው ቦታ ከቡፌው ጎን ነው። ቴሌቪዥኑ እዚያ ነው፣ ቡናም የምናፈላው እዚያው ነው። ልጄ በበኩሏ «አልጋዬ ሥር ትሁን» ብላ ድርቅ ብላለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሽታው ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።

ዳንግሌው፦
ምን ያስጨንቅሻል፣ ጓዳ ነዋ! ጥንቸል ድሮም የጉድጓድ ኗሪ ናት። ጨለማውን ትወደዋለች፣ እናትሽም አያዩዋትም። ሁሉም ሰላም።

የእንጅባራው፦
ዳንግሌው ወንድሜ፣ የጉድጓድ ኗሪነቷ እውነት ነው። ግን ከጉድጓዷ ስትፈልግ ትወጣለች፣ የምትሸናውም ከመኝታዋ ራቅ ብላ ነው። ጓዳ ከዘጋህባት የት ትሂድልህ?

እህትዓለም፣ የሽታውን ነገር ልንገርሽ። የሚሸተው ጥንቸሏ ሳትሆን ሽንቷ ነው። በጠጧ ደረቅ ስለሆነ ጠርገሽ ትጥይዋለሽ። ሽንቷ ግን ሳይነሳ ሲያድር አሞኒያ የሚባል ዐይን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ የሚበረታው ሽንቱ የፈሰሰበት ወለል አጠገብ ነው፤ የእሷ አፍንጫ ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ ነው። አንቺ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ከሸተተሽ፣ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትምገው ነው ያደረችው። ጥንቸል ደግሞ የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፣ በአፏ መተንፈስ ከጀመረች ጭንቅ ላይ ናት ማለት ነው። መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ አልመክርሽም። በዚያ ላይ የበርበሬው ብናኝ! እኛን እንኳ ጆንያው ሲነካ ያስነጥሰናል። ድንቹም አያዋጣም፤ የበቀለውንና አረንጓዴ የሆነውን ከቆረጠመች ይመርዛታል።

አልጋ ሥሩንም ተዪው። ሌት ወለሉን በኋላ እግሯ ድም ስታደርግ ልጅቱ ትባንናለች። ስትደነግጥ እንደዚያ ነው የምታደርገው፤ ኮቴ ሰምታ ወይም ድመት ሸትቷት ይሆናል። ደግሞ ዋና መንቂያዋ ንጋትና ምሽት ነው። ጎህ ሲቀድ ቆርጠም ቆርጠም ሲጀመር ትምህርት ቤት ያለበት ልጅ ምን ይሁን?

ስለዚህ ሳሎን። ግን ከቡፌው ጎን አይደለም። የቴሌቪዥኑ ገመድና የሶኬት ዲቫይደር እዚያ ናቸው አይደል? በአንድ ንክሻ ነው የምትበጥሰው። ሰው የሚቀመጥበት፣ በር ሲከፈት ነፋሱ በቀጥታ የማይመታው ጥግ ፈልጊ። ቤቷ በርዝመቱ ሦስቴ የምትዘልበት ይሁን። ከፍታው ደግሞ በኋላ እግሯ ስትቆም ጆሮዋን የማይነካት። ታቹን ሽቦ እንዳታደርጊው፤ መዳፏ ሥር ጠጉር እንጂ እንደ ድመትና ውሻ ወፍራም ንጣፍ ስለሌላት ይቆስላል። ሳንቃ አድርጊና ጭድ ጎዝጉዢበት።

እኔ ያሠራሁት በቀርከሃ ነው፤ ለእንጅባራ ሰው ቀርከሃ ብርቅ አይደለም። ትቆረጥመዋለች። ትቆርጥመው! ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ የሚያሳጥረው ነገር ይፈልጋል። ሲያልቅ አንዱን ዘንግ መቀየር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ አንድ ጥግ መርጣ ትሸናለች። አንቺ የመረጥሽላትን ሳይሆን እሷ የመረጠችውን እዪ። እዚያ ዝርግ ሳፋ አድርጊ፣ ጭድ አንጥፊበት፣ ድርቆሹን ከአጠገቡ አስቀምጪ። እየበላች መጣል ትወዳለች፣ ስለዚህ ሳፋው ውስጥ ገብታ ቁጭ ትላለች። በየቀኑ ሳፋውን ብቻ ደፍተሽ ማጠብ ነው። ሽታ የሚባል ነገር በዚህ ይቀልልሻል።

ጣና ዳር፦
በእንጅባራው ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ እንስሳት ጤና ነው የተማርኩት፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እሱ ያልነካውን ብቻ ልበል።

ብርዱን አትፍሪው። ጥንቸል ጠጉሯ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከሙቀት ይልቅ ብርድ ትችላለች። የሚስማማት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ወደ 30 ሲጠጋ ነው አደጋው። አታልብም፤ ሙቀት የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው። እኛ ነን እንጂ በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ሥር የምንጨነቀው፣ እናንተማ 2,400 ሜትር ላይ ናችሁ። ቢሆንም ኮርኒስ የሌለው ክፍል በቀትር ይግላል፣ በረዶ ሲጥልበት ደግሞ ጩኸቱ ለእሷ መዓት ነው። ኮርኒሱ ሳሎን ብቻ ካለ ነገሩ ያለቀለት ነው።

የሚጎዳት ርጥበቱ ነው። ክረምት ላይ የጭቃ ግድግዳ ሥሩ ይረጥባል። ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቂያት፣ ሳንቃውንም ጡብ ላይ አሳርፊው።

ሳሎንን የመረጥኩት ለሌላም ነው፤ ዐይን ሥር ትሆናለች። ጥንቸል ሲያማት አትጮህም፣ ዝም ነው የምትለው። ከጠዋት እስከ ማታ ድርቆሽ ካልነካችና በጠጥ ካልጣለች «ነገ ይሻላታል» አይባልም፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው። ጓዳ ብትሆን ይህን ማን ያይላታል?

የማርቆሷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥጉ ተገኝቷል፣ ከመስኮቱ በታች። ችግሩ እናቴ የምትቀመጥበት መደብ አጠገብ መሆኑ ነው። ቡናውስ? ረከቦቱን አንሱ ብላት ከነጥንቸሏ ነው የምታስወጣኝ።

ጣና ዳር፦
ረከቦቱ ይቀመጥ፣ የከሰል ምድጃውን ብቻ ወደ በሩ አስጠጉት። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ከጠፋ በኋላ ይግባ። ዕጣን ሲጨስ መስኮቱን ክፈቱ፣ እሷን ለዚያች ሰዓት መኝታ ቤት አዙሯት። ልጅሽም ደስ ይላታል።

ዳንግሌው፦
እሺ፣ ጓዳውን አንስቻለሁ። ግን እናትሽ መደብ ላይ ሆነው ጎመን መወርወር ሲጀምሩ ንገሪን።

የእንጅባራው፦
ጎመን ይወርውሩ፣ ግን ጥቂት ጥቂት። ዋናው ምግቧ ድርቆሽና ሣር ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና አቮካዶ ግን እንዳይሰጧት አስጠንቅቂያቸው። የቀርከሃ ቤቱን ከፈለግሽ የጥጉን ልክ ላኪልኝ፣ ለሚሠራው ሰው እነግረዋለሁ።