የሁለት ዩኒቨርሲቲ የጋራ ፒኤችዲ (ኮቱቴል)፦ ክፍያው ለማን፣ መቼ፣ ስንት?

ጥያቄ፦ እንጦጦ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁም። በኮቱቴል ማለትም አንድ ተሲስ በሁለት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ሁለቱም ዲግሪውን በሚሰጡበት መንገድ ስለሚጠየቅ ክፍያ የሚያውቅ ሰው ምክር እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳይ አንደኛ ዓመት ተመዝግቤያለሁ፤ የሦስት ዓመት የዶክትሬት ቅጥር ውልም አለኝ። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ አውስትራሊያ ነው፤ እዚያ በድምሩ 12 ወር እቆያለሁ። ከአውስትራሊያ በደረሰኝ የመቀበያ ደብዳቤ ላይ በዓመት 42,000 የአውስትራሊያ ዶላር የሚል ተጽፏል። ሁለቱም አማካሪዎቼ "ኮቱቴል ስለሆነ አይመለከትሽም" ብለውኛል። ረቂቅ ስምምነቱ ግን ስለ ክፍያ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ክፍያ በየዩኒቨርሲቲው ደንብ መሠረት ይፈጸማል።"

ይህ መስመር ይበቃል? ከትምህርት ክፍያው ውጭስ ምን ወጪ ልጠብቅ? አራተኛ ዓመት ብገባ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ ሰነድ_መርማሪ

እህቴ፣ አይበቃም፤ በዚህ መልኩ አትፈርሚበት። "በየዩኒቨርሲቲው ደንብ መሠረት" የሚለው ቃል ሁለቱም እንዲያስከፍሉሽ በሩን ክፍት ይተዋል። የአማካሪ የቃል ማረጋገጫ የፋይናንስ ክፍሉን አያስርም። ኢንቮይስ የሚያወጣው ሰው የሚያየው በምን ዓይነት ምዝገባ እንደገባሽ ነው፤ ነጻ የሚያደርግ ሰነድ ፋይልሽ ውስጥ ከሌለ ሙሉውን 42,000 ይልክልሻል።

በፈረንሳይ በኩል ጥሩ መደገፊያ አለሽ። የዶክትሬት ሥልጠናን የሚገዛው እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2016 የወጣው የሚኒስቴር ትእዛዝ ነው። ስለ ኮቱቴል በሚናገረው ክፍሉ ስምምነቱ የክፍያውን አፈጻጸም እንዲገልጽ ያዛል፤ ተማሪውም በአንድ ጊዜ በሁለት ተቋም እንዲከፍል ሊገደድ አይችልም ይላል። የጤና ሽፋን፣ የመኖሪያ ሁኔታና ለጉዞ የሚገኝ ድጋፍም በስምምነቱ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የሚያስረው የፈረንሳዩን ዩኒቨርሲቲ ነው። የአውስትራሊያው የሚታሰረው በፈረመበት ወረቀት ብቻ ስለሆነ ቃሉ ተገልብጦ ስምምነቱ ውስጥ መግባት አለበት።

የት መክፈል እንደሚሻል ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በፈረንሳይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ምዝገባ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 397 ዩሮ ነው። በ2019 ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች የተጨመረው ክፍያ ዶክትሬትን አይነካም፤ ኢትዮጵያዊውም ፈረንሳዊውም እኩል ይከፍላሉ። ሦስት ዓመት በዚሁ ዋጋ ቢታሰብ 1,191 ዩሮ ነው። በሌላው ወገን ሦስት ዓመት 126,000 የአውስትራሊያ ዶላር። ስለዚህ አውስትራሊያ በምትቆዪበት 12 ወርም ቢሆን ከፋይነትሽ ለፈረንሳይ ብቻ እንዲሆን ጠይቂ።

የአንቀጹ ቃል በግምት እንዲህ ቢሆን፦ "ተማሪዋ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ባለው ጊዜ ሁሉ፣ የትም ብትሆን፣ የምዝገባ ክፍያ የምትከፍለው ለመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ጊዜ ሙሉውን የትምህርት ክፍያ ይተዋል።" እዚህ ላይ "የትም ብትሆን" የሚለውን አጥብቀሽ ያዢ። ነጻነቱ "አውስትራሊያ ውስጥ ለምትቆይበት ጊዜ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ፈረንሳይ ተቀምጠሽ በአውስትራሊያ ተመዝጋቢ በሆንሽባቸው ወራት ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። "ከአውስትራሊያ ውጭ ለምትሆንበት ጊዜ" ብቻ ከሆነ ደግሞ እዚያ ያለሽበት 12 ወር 42,000 ያስወጣሻል። ሁለቱም ዓይነት አጻጻፍ የተለመደ ነው፤ በችኮላ ሲነበቡ ልዩነታቸው አይታይም።

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ሌላው ነገር ስምምነቱ የሚጸናበት ቀን ነው። ሰነዱ በሁለቱ የሕግ ክፍሎች፣ በዲኖችና በፕሬዚዳንቶች እጅ ሲዞር ከ6 እስከ 12 ወር ሊፈጅ ይችላል። "ከመጨረሻው ፊርማ ቀን ጀምሮ ይጸናል" ከተባለ ከዚያ በፊት የተቆጠረው ወር በሙሉ ዋጋ ይሄዳል። "በሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ከተመዘገበችበት ቀን ጀምሮ" ይባልልሽ። ካልተስማሙ ደግሞ ፊርማው ሳያልቅ አውስትራሊያ አትመዝገቢ። መዘግየቱ ቢያበሳጭም ከኢንቮይስ ይሻላል።

መልስ፦ ጮራ

ከላይ ያለው ትክክል ነው። እኔ ከትምህርት ክፍያ ውጭ ያለውን ልጨምር፤ በጀት የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ሴቬክ የሚባል የተማሪ ኑሮና የግቢ መዋጮ አለ፤ ለ2025–26 105 ዩሮ። በክሩስ (የተማሪዎች አገልግሎት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ተከፍሎ ማረጋገጫው ሳይቀርብ ምዝገባ አያልቅም። ከምዝገባ ክፍያ ነጻ መሆን ከሴቬክ ነጻ አያደርግም። ይህን አለማወቅ መስከረም ላይ ምዝገባ ያስቆማል። የስደተኛ ጥበቃ ያላቸውና የክሩስ ድጎማ የሚያገኙ ግን አይከፍሉም፤ እነሱም ቢሆኑ ማረጋገጫውን ማውጣት አለባቸው።

በአውስትራሊያ በኩል ትልቁ ቪዛው ነው። የተማሪ ቪዛ (ሰብክላስ 500) ማመልከቻ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 2,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ለአንድ ሰው የ12 ወር መኖሪያ 29,710 ዶላር እንዳለሽ ማሳየት ይጠበቅብሻል፤ በዚህ ላይ የጉዞና የትምህርት ክፍያ ይደመራል። ማስጠንቀቂያዬ እዚህ ላይ ነው፦ የምዝገባ ማረጋገጫው (ሲኦኢ የሚሉት) ላይ 42,000 ዕዳ ሆኖ ከተመዘገበ ያንንም በእጅሽ እንዳለ እንድታሳዪ ትጠየቂያለሽ። ነጻነቱ ሲኦኢው ላይ እንዲገባ ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ የተፈረመውን ስምምነት አስቀድመሽ ላኪ። ትክክለኛው ሲኦኢ ሳይደርስሽ ቪዛ አታመልክቺ።

12 ወሩን ስድስት ስድስት አድርገሽ ለሁለት ከከፈልሽው ደግሞ በመሀል ምዝገባው ተቋርጦ ሲኦኢው ሊሰረዝ፣ ቪዛውም ሊሄድ ይችላል። ያኔ ሁለተኛ 2,000 ዶላር፣ ሁለተኛ የአውሮፕላን ትኬት። ጥናቱ የሚፈቅድ ከሆነ በአንድ ጉዞ ጨርሺው። የግድ ሁለት ጊዜ ከሆነ በመሀል ያለው ጊዜ "ከግቢ ውጭ ጥናት" ተብሎ ይመዝገብ፤ "ፈቃድ" (ጥናትን ለጊዜው ማቋረጥ) ተብሎ አይመዝገብ።

የጤና መድን (ኦኤስኤችሲ) የቪዛውን ዘመን በሙሉ መሸፈን አለበት። የፈረንሳይ የጤና ዋስትናሽ በቅጥር ውልሽ በኩል ቢቀጥልም ይህን አይተካም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ዲፌንስ፣ ማለትም ተሲሱን በመርማሪዎች ፊት መከላከል። ተሲሱ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የፈረንሳይኛ ማጠቃለያ ያስፈልጋል፤ የትርጉም ዋጋ ይዞ ይመጣል። ከሁለቱም ወገን መርማሪዎች ስለሚቀመጡ የጉዞና የሆቴል ወጪያቸውን ማን እንደሚችል፣ በቪዲዮ መሳተፍ ይፈቀድ እንደሆነ ስምምነቱ ይናገር። ካልተናገረ ወጪው ማንም የማይወስደው ሆኖ ይቀርና ቀኑ ይገፋል፤ የተገፋ ቀን ደግሞ ተጨማሪ ምዝገባ ነው።

እንጦጦ_ማዶ

እጅግ አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። የአውስትራሊያው ቢሮ ዛሬ መልስ ሰጥቶኛል፦ "ክፍያው ለ6 ሴሚስተር ይተዋል።" የፈረንሳዩ ደግሞ የሚያስበው በትምህርት ዘመን ነው። ስድስት ሴሚስተር ማለት ሦስት ዓመት አይደለም እንዴ? ተሲሱ በሦስት ዓመት ባያልቅስ?

መልስ፦ ቀን_ቆጣሪ

ወረቀት ላይ ሦስት ዓመት ነው፤ ሁለቱ አገሮች ግን ዓመቱን በተለያየ ቦታ ነው የሚቆርጡት። የፈረንሳይ ምዝገባ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ይሄዳል። የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች ምርምር የሚቆጥሩት በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ጁን፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ነው። ኖቬምበር ላይ ብትመዘገቢ ሁለት ወር የማይሞላ ጊዜ አንድ ሴሚስተር ሆኖ እንዳይቆጠርብሽ ስጋት አለ። ስለዚህ "6 ሴሚስተር" የሚለውን በቀን ያስተካክሉልሽ፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። ምዝገባሽንም በሴሚስተር መጀመሪያ ላይ አድርጊው።

ከዚሁ ጋር "ሴንሰስ ዴት" የሚሉትን ቀን በካላንደርሽ ላይ ጻፊ። ከዚያ ቀን በኋላ ምዝገባ ብትሰርዢ ወይም ፈቃድ ብትወስጂ የዚያ ሴሚስተር ክፍያ ይጸናብሻል፣ የነጻነት ዘመንሽም ይበላል። የምትታመም፣ የምትወልድ፣ የመስክ ሥራው የሚስተጓጎልባት ተማሪ ፈቃዱን ከቀኑ በፊት መጠየቅ አለባት። በፈቃድ ላይ ያለፈ ጊዜ ከነጻነቱ እንደማይቀነስም በስምምነቱ ይጻፍ።

ጃንዋሪ ሄደሽ ዲሴምበር ብትመለሺ ቆይታሽ ሁለት የፈረንሳይ የትምህርት ዘመን ይነካል። አውስትራሊያ ለፈረንሳይ የመክፈልሽን ማረጋገጫ የምትጠይቅሽ ሁለት ጊዜ ነው ማለት ነው። ፈረንሳይ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ከመመዝገብሽ በፊት የግል ክትትል ኮሚቴው (የጥናትሽን ሂደት የሚከታተለው) አስተያየት መቅረብ አለበት። ኮሚቴው ዘግይቶ ከተሰበሰበ ምዝገባው ይዘገያል፤ ምዝገባው ሲዘገይ የክፍያ ማረጋገጫው ይዘገያል፤ ያኔ የአውስትራሊያው ሲስተም በራሱ ኢንቮይስ ያወጣል። አውስትራሊያ ሆነሽም ኮሚቴው በኦንላይን ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ እንዲሰበሰብልሽ ቀድመሽ ጠይቂ።

አራተኛው ዓመት ከባዱ ነው። በፈረንሳይ በኩል ሌላ 397 ዩሮ ገደማ ነው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ዲፌንሱ እስከ ዲሴምበር 31 ካለቀ አዲስ ምዝገባ አይጠየቅም። በአውስትራሊያ በኩል ነጻነቱ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ዋጋ ይታሰባል፤ ብዙዎቹ እስከ ተሲስ ማስረከቢያ ቀን ድረስ ያሰላሉ። በአንቺ ደብዳቤ ዋጋ ስድስት ወር መዘግየት 21,000 ዶላር ነው። አሁን፣ ሳትፈርሚ፣ "ማራዘሚያ ከተፈቀደ ነጻነቱ እስከ 8 ሴሚስተር ይቀጥላል" የሚል አስገቢ። ከፈረምሽ በኋላ ተጨማሪ ውል ያስፈልጋል፤ እሱም እንደ መጀመሪያው በሁሉም ቢሮ ይዞራል። እምቢ ካሉ የአውስትራሊያ መንግሥት የምርምር ሥልጠና ፕሮግራም (አርቲፒ) የክፍያ ሽፋን አለ፤ ለዶክትሬት እስከ 4 ዓመት ይሰጣል። ውድድሩ ግን ብርቱ ነው፤ የማመልከቻው ጊዜም በዩኒቨርሲቲው ይወሰናል።

የቅጥር ውልሽ ሦስት ዓመት መሆኑንም አትርሺ። የፈረንሳይ የዶክትሬት ውል ዝቅተኛ ደመወዝ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ግብር ሳይቀነስ በወር 2,300 ዩሮ ነው። አራተኛው ዓመት ያለ ደመወዝ ከመጣ 21,000 ዶላሩ የሚከፈለው ከምን ተቀንሶ ነው? በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ድርድር ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ይህ የማራዘሚያ አንቀጽ ነው።

መልስ፦ ግዕዝ_ቁጥር

ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲጠቅም ስለ ሌሎች አገሮች በአጭሩ። ጀርመን ለዶክትሬት የትምህርት ክፍያ የለም። ባደን ቩርተምበርግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ተማሪዎችን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ቢያስከፍልም የዶክትሬት ተማሪ አይነካውም። የሚቀረው የሴሚስተር መዋጮ ነው፤ በየስድስት ወሩ በጊዜው ካልተከፈለ ከተማሪነት ያሰርዛል። ስለዚህ ፈረንሳይና ጀርመን ሲጣመሩ የክፍያ ጭቅጭቁ ትንሽ ነው። ብሪታኒያ ስትገባበት ግን ልክ እንደ አውስትራሊያ ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ለተማሪ ቪዛ የጤና ክፍያው በዓመት 776 ፓውንድ ነው፣ ለቪዛው ዘመን በሙሉም በቅድሚያ ይከፈላል።

የጉዞ ድጋፍ ምንጭ እንደ ጥምረቱ ይለያያል። ለፈረንሳይና ጀርመን መቀመጫው ዛርብሩክን የሆነው የፈረንሳይ–ጀርመን ዩኒቨርሲቲ፣ ለፈረንሳይና ጣሊያን ደግሞ የቪንቺ ፕሮግራም ኮቱቴልን ይደግፋሉ። ሌላ አገር ሆኖ ከፈረንሳይ ጋር ለሚጣመር ሰው ኤፌል የሚባል የፈረንሳይ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ፤ ለዶክትሬት ቢበዛ 12 ወር ነው። የሚያመለክተው ተማሪው ሳይሆን የፈረንሳዩ ተቋም ስለሆነ በመከር ወራት ቢሮውን ማነጋገር ያስፈልጋል። የትምህርት ክፍያ ግን አይሸፍንም።

ገንዘብ ስትልኪ፦ በስዊፍት (በዓለም አቀፍ የባንክ ማስተላለፊያ) የላኪና ተቀባይ ወጪ "የጋራ" ተብሎ ከተላከ መሀል ያሉ ባንኮች ይቆርጡና ዩኒቨርሲቲው ጋር ጎድሎ ይደርሳል። 20 ዶላር ቢጎድልም ሲስተሙ "አልተከፈለም" ይላል፤ ምዝገባሽም ሊታገድ ይችላል። "ወጪው በሙሉ በላኪ" የሚለውን ምረጪ፤ የተማሪ መለያ ቁጥርሽን የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ አስገቢ። ቤተሰብ ከአዲስ አበባ የሚልክልሽ ነገር ካለ ባንኩ የመቀበያ ደብዳቤና በስምሽ የወጣ ኢንቮይስ ይጠይቃል። ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብሩ ዋጋ በባንኮች መካከል ስለሚለያይ ከመላካችሁ በፊት የሁለት ሦስት ባንክ ዋጋ አወዳድሩ። ኢንቮይሱ የመክፈያ ቀን ካለው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ።

እንጦጦ_ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክፍያውን አንቀጽ በቀን ለይቼ፣ የማራዘሚያውን ጨምሬ ለሁለቱም ቢሮዎች ነገ እልካለሁ። እስኪፈረም ድረስ አውስትራሊያ አልመዘገብም።

ሰነድ_መርማሪ

ስትልኪ አማካሪዎችሽን በኮፒ አስገቢያቸው። ለአውስትራሊያው ደግሞ "ይህ ነጻነት በተማሪ መዝገቤ ላይ በማን፣ መቼ ይገባል?" ብለሽ ጠይቂ። የዚያን ሠራተኛ ስምና ኢሜይል ያዢ፤ ስምምነቱ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ኢንቮይስ የሚሰርዝልሽ እሱ ነው።