ዶሮ ማነቂያ ያደገ ሰው ካለ ይርዳኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ተወልዳ ያደገችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ከተጋባን ጀምሮ የምንኖረው ግን ሐዋሳ ነው። ለፋሲካ እናቷን ይዘን አዲስ አበባ ልንመጣ ነው፤ እሷም «ያደግኩበትን ሰፈር አሳይሃለሁ» ብላ ቀን ትቆጥራለች።

ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. እንደፈረሰ ታውቃለች። ቤቱን አትጠብቅም፤ ቦታው ላይ ቆማ «እዚህ ጋ ነበር» ማለት ብቻ ነው የፈለገችው። እኔ ለአካባቢው ባዳ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ቤቱን የምታስታውሰው በቦኖ ውሃውና በወፍጮ ቤቱ ነው። ሁለቱም የሉም! ሰፈሩን የምታውቁ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወይም ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ተነስቶ የድሮዎቹ መግቢያዎች የት የት እንደነበሩ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ? የቆየ ፎቶ ያለው ካለማ ውለታው አይረሳኝም። የድሮ ጎረቤቶቿ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገብተዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የዕድራቸውን ሰዎች የሚያገናኘኝ ባገኝ ደግሞ ከቦታውም በላይ ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ከዚያ ጊዮርጊስን ተሳልመን፣ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት አይተን፣ ጣይቱ ሆቴል ቡና ለመጠጣት አስበናል። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገቱ አሳስቦኛል። ከጣይቱ አራት ኪሎ ሥላሴ፣ ከዚያም ሉሲን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም በአንድ ቀን ይደረሳል? ወይስ ሙዚየሙን ለማግስቱ ላቆየው? በበዓሉ ሰሞን ክፍት መሆኑን የምታውቁም ንገሩኝ።