የቢጫ ወባ ሙከራ መታሰቢያ የማን ነው? እንከራከር

ብሩክ፦ ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሁሉ ዋልተር ሪድ የሚለውን የሆስፒታል ስም እናውቀዋለን። ሰውየው በ1900 እ.ኤ.አ. ኩባ ውስጥ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያረጋገጠው የአሜሪካ ጦር ኮሚሽን መሪ ነው። ሙከራው የተሠራው ግን በሰው ላይ ነው። ወታደሮችና ድሃ የስፔን ስደተኞች ሆን ተብሎ በትንኝ ተነከሱ። እኔ ክብሩን ሪድ ብቻውን መውሰድ የለበትም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሄለን፦ መጀመሪያስ የእሱ ነው እንዴ? ካርሎስ ፊንላይ የሚባል የኩባ ሐኪም በ1881 ሃቫና ላይ "ትንኝ ናት" ብሎ ነበር። የሰማው የለም። በኋላ ኮሚሽኑ ሙከራ ሲጀምር የትንኝ እንቁላል የሰጣቸውም እሱ ነው! ኩባዎች የሐኪሞችን ቀን በልደቱ የሚያከብሩት በከንቱ አይደለም።

ጋሽ መኮንን፦ ቀስ በሉ ልጆች። ማሰብ ሌላ፣ ማረጋገጥ ሌላ። ፊንላይ ለዓመታት ሞክሯል፤ ነገር ግን ትንኟ የታማሚ ደም ከወሰደች በኋላ 12 ቀን ገደማ ካልቆየች በሽታውን እንደማታስተላልፍ አልደረሰበትም፣ ስለዚህ ማንንም ማሳመን አልቻለም። እነሪድ ምን አደረጉ? ሁለት ቤት ሠሩ። አንደኛው ውስጥ በታማሚ ትውከትና ደም የቆሸሸ አንሶላና ልብስ ሞሉበት፤ አንድ ወጣት ሐኪምና ሁለት ወታደሮች 20 ሌሊት ተኙበት። ሽታው አስመልሷቸው እየሮጡ ወጥተዋል፣ ግን አንዳቸውም አልታመሙም። ሁለተኛው ቤት ንጹሕ ነው፤ መሐሉ በወንፊት ሽቦ ተከፍሏል። ትንኝ ባለበት በኩል የገባው ፈቃደኛ ጆን ሞራን በገና ዕለት ታመመ፤ ከሽቦው ወዲያ የተኙት ደህና ሆኑ። ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? በ1901 የአሜሪካ ጦር ሐኪሙ ጎርጋስ ሃቫና ውስጥ ትንኝ የሚፈለፈልበትን ውኃ ማጥፋት ጀመረ፣ ዓመቱ ሳያልቅ በሽታው ከከተማዋ ወጣ።

ዮናስ፦ ጋሼ፣ ሳይንሱን ማንም አልካደም። ግን የኮሚሽኑ አባላት በራሳቸው ላይ ሲሞክሩ ሪድ ዋሽንግተን ነበር። አንዱ አባል ካሮል ታሞ ለትንሽ ተረፈ። ሌላው፣ ላዚር፣ በ34 ዓመቱ ሞተ፣ ሁለተኛ ልጁን እንኳ ሳያይ።

ጋሽ መኮንን፦ የሄደው የታይፎይድ ሪፖርት ሊጨርስ ነው፣ ሸሽቶ አይደለም። ተመልሶም ሙከራው የተሠራበትን ካምፕ በላዚር ስም ሰየመው። በዚያ ካምፕ ደግሞ ማንም አልሞተም።

ሄለን፦ "በዚያ ካምፕ" 😏 በ1901 እዚያው ሃቫና በሌላ ሐኪም ሙከራ ሦስት ሰው ሞቷል። አንዷ ክላራ ማስ ናት፣ የ25 ዓመት ነርስ።

ሳሚ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስፔኖቹ 100 ዶላር በወርቅ ተከፍሏቸዋል፣ ከታመሙ ሌላ 100። ይሄ ሥራ ነው እንጂ ምን ጀግንነት አለው? ተከፍሏል፣ አለቀ።

ሰብለ፦ ወንድሜ፣ ውሉን አንብበኸዋል? በስፔንኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈ ነው፣ በዚያ ዘመን በጎ ነገር ነበር፣ አልክድም። ግን ምን ይላል መሰለህ፦ በዚህ ደሴት እስካለህ ድረስ ከበሽታው ማምለጥ ስለማትችል ፈልገህ ተይዘህ ጥሩ ሕክምና ብታገኝ ይሻልሃል ነው ነገሩ። ድሃ፣ ገና ከመርከብ የወረደ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን ይላል? እኔም አረብ አገር ለመሄድ ውል ፈርሜያለሁ፣ "ወድዳ ነው የፈረመችው" ማለት ቀላል ነው። ደግሞ ሐኪሞቹም ደሞዝተኞች ነበሩ እኮ! ደሞዝ የእነሱን ክብር ካልቀነሰ የስደተኛውን ለምን ይቀንሳል?

ሳሚ፦ እሺ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሆስፒታሉ ስሙ ይቀየር?

ብሩክ፦ ስም መቀየር አላልኩም። በ1929 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሙከራው ተሳታፊዎች የክብር መዝገብ አውጥቶ የወርቅ ሜዳልያ ሸለመ፣ በሕይወት ላሉት በየወሩ 125 ዶላር ቆረጠ። ሲወጣ 22 ስም ነበረበት። ወታደሮቹ አሉ፣ ሐሳቡ አባት የሌለው ይመስል ፊንላይ የለም፣ ክላራ ማስ የለችም፣ ስፔኖቹ አንዳቸውም የሉም። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ዮናስ፦ በኛም አገር ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምዕራብ ላይ ቢጫ ወባ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ክትባቱ እኮ ከ1937 ጀምሮ ነበር። የነዚያን ስም ማን መዘገበ? ስፔኖቹን ብቻ አትቁጠሩ።

ሳሚ፦ ዮኒ ርዕስ አትቀይር 😂

ዮናስ፦ አልቀየርኩም። መታሰቢያ ሲባል ሁሌ ከሐኪሙ ይጀመራል፣ ያንን ነው የምለው።

ጋሽ መኮንን፦ ስፔኖቹ ይጨመሩ፣ እደግፋለሁ። አንቶኒዮ ቤኒኞ የሚባለው ልጅ ውል እስከ ዛሬ አለ፣ ስሙ ይነበባል። ታዲያ መጻፍ ምን ያቅታል? ሪድን ግን አትንኩብኝ።

ሄለን፦ እሺ ጋሼ። ፊንላይ ግን ከሪድ በላይ ይጻፍ።

ጋሽ መኮንን፦ ከጎኑ።

ሄለን፦ በላይ!